ለበዓል የሚጎርፉ ወጣቶችን በአዘቦት ቅዳሜ እንዴት እናቆያቸው? (የሰፈር ምግብ ባንክ፣ ባሕር ዳር)

የሽምብጧ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው፤ የምሟገትለት ነገርም አለኝ።

በሽምብጥ በኩል በአንድ ዕድር አዳራሽ ጓዳ ውስጥ አነስተኛ የምግብ ማከማቻ እናካሂዳለን። የሰፈሩ ሰው የምግብ ባንክ ይለዋል። ከነጋዴዎች፣ ከሆቴሎችና ከየቤቱ የሚሰጠንን ዱቄት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይትና ሽንኩርት እየሰበሰብን ቅዳሜ ቅዳሜ ለተመዘገቡ ቤተሰቦች እናከፋፍላለን። ብዙ ሰው ተቀባዮቻችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ ነዳያን ብቻ ይመስሉታል። አይደሉም። ሲሚንቶ ሲወደድ ሥራ የቆመበት ግንበኛ አለ። በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች። ከቀያቸው ተፈናቅለው በአንድ ክፍል ተጠጋግተው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ጡረታቸው ለእህል የማይተርፋቸው አዛውንትም አሉ። እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ላይ አይወጡም፤ በራቸውን ዘግተው ነው የሚራቡት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ወጣቱ ይጎርፍልናል። አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለበሳል፣ ዶሮና ዘይት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ግን እኔና ጥቂት እናቶች ብቻችንን ኩንታል ስንጎትት እንውላለን። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ሁሉም ሰው ስለ ምጽዋት በሚያስብበት ወቅት እንኳ የሚመጣው ወጣት በጣት የሚቆጠር ነው።

ሰዉ «የዘመኑ ልጅ ስልኩን እንጂ ወገኑን አያይም» ይላል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ወጣቱ የሚርቀው ልቡ ስለ ደነደነ አይደለም፤ እውነተኛ ሥራ ስለማይሰጠው ነው። ተሸከም፣ አራግፍ፣ ተሰለፍ ይባላል፤ ቁልፉ፣ ሚዛኑና መዝገቡ ግን ከትልልቆች እጅ አይወጣም። ኃላፊነት የሌለበት ሥራ ደግሞ ማንንም አያቆይም፤ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ።

ማስረጃዬ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። መዝገቡ ከተሰጣት ወዲህ ከሁላችንም ቀድማ ትደርሳለች። ዘይቱን አንድ በአንድ እያነሣች የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ታነብና ቀኑ የቀረበውን ከመደርደሪያው ፊት ታሰልፈዋለች። የዱቄት ከረጢት ሲፈታ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ትዳስሳለች፤ ውስጡ የሞቀ ወይም የጓጎለ ከሆነ ለብቻው ታስቀምጣለች። በቅርቡ አንድ አዛውንት በተከታታይ መቅረታቸውን ከመዝገቡ ላይ ያስተዋለችው እሷ ናት። በዚያ ሁሉ ሰልፍ መካከል ሌላ ማንም ልብ ሊል አይችልም ነበር። ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታመው ተኝተው አገኘቻቸው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ደረሱ።

እንዲህ ያሉ ልጆችን እንዴት እናብዛ? ከሆቴሎችና ከግቢ ተማሪዎች ጋርስ ሥራውን ሳይቋረጥ ለማስኬድ ምን ዓይነት አሠራር ያስፈልጋል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

---

ፔዳ ግቢ

እህቴ፣ ያልሽው ነገር ትክክል ነው። እኔ የምማረው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው። በግቢያችን የበጎ አድራጎት ክበባት አሉ፤ ተማሪው መስጠት አይጠላም። ሥራውን የሚያቋርጠው የትምህርት ካሌንደሩ ነው። ፈተና ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ግቢው ሲበተን የተጀመረው ሁሉ አብሮ ይበተናል። ክረምት ደግሞ ለድሃ ቤት የከፋው ወቅት ነው። የዓምናው እህል ያልቃል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፣ የቀን ሥራም በዝናቡ ይቆማል።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ እኛ ከሌላ አገር የመጣነው እንያዘው። ክረምት ላይ ደግሞ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የባሕር ዳር ልጆች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እነሱ ይረከቡ። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲባል ለችግኝ ተከላና ለደም ልገሳ የሚወጡት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ምን ያህል ዱቄት አለ፣ የትኛው ቤተሰብ አራስ አለበት፣ ማን ምን አይስማማውም። ሌላው ደግሞ ተማሪን በሙያው ጥሩት። ዘንዘልማ ግቢ ያሉት የግብርና ተማሪዎች ስለ እህል አቀማመጥና ስለ ነቀዝ ያውቃሉ። ፖሊ ግቢ ያሉት የምህንድስና ተማሪዎች መደርደሪያ መሥራት ይችላሉ። ሁሉንም ኩንታል ተሸካሚ ማድረግ ብክነት ነው።

---

የዕድር ዳኛ

ልጄ የሽምብጧ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ሰንበቴ አለ፣ ጽዋ አለ፣ ደቦ አለ። እዚህ ጎጃም ውስጥ የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የማያወጣ ቤት ነውረኛ ነበር። ቅኔውም ድጓውም እስከ ዛሬ የደረሰው በዚያ ቁራሽ ነው። 1966ን እና 1977ን ያየ ሰው ደግሞ ረሃብ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አያሻውም።

ስለ ቁልፉ ግን አሳብ አለኝ። የሕዝብ ንብረት ነው። ልጅ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ኩንታል ሲጎድል ስሙ የሚጠፋው የልጁ ነው። እንዲያ እንዳይሆን ልጁንም መጠበቅ አለብን። በእኛ ዕድር የገንዘብ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ለእናንተም በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ይግባበት። አንዱን ቁልፍ ትልቅ ሰው ይያዝ፣ ሌላውን ወጣቶቹ በየወሩ እየተረከቡ ይያዙት። በወሩ መጨረሻም መዝገቡ በዕድሩ ጉባኤ ፊት ይነበብ፤ አንባቢዋም ያቺው ልጅ ትሁን። በሽማግሌ ፊት ቆሞ ሒሳብ ማንበብን የለመደ ልጅ ነገ ለአገርም ይጠቅማል።

---

የሽምብጧ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ቁልፍ ማለትዎ እኔ የፈራሁትንም እናቶቹ የፈሩትንም አንድ ላይ የሚፈታ ነው። እሁድ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ጉባኤው ላይ ማንበቡን ለልጅቷ ነግሬአታለሁ፤ ከአሁኑ ቁጥሮቹን እየደመረች ነው።

---

ወጥ ቤት

በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በወጥ ሠራተኝነት ከቆየሁ ዓመታት አልፈዋል። የሆቴል ምግብ ለመውሰድ ለምትፈልጉ እንዲህ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ከእንግዳ ሳህን የተመለሰና ድስት ውስጥ የቀረ አንድ አይደሉም። ከሳህን የተመለሰውን ለማንም አትስጡ፣ አትቀበሉም። የሰው ክብርም ጤናም ነው። ስብሰባ ሲኖር ለሁለት መቶ ሰው ተብሎ ተሠርቶ መቶ ሃምሳ ሰው ሲመጣ ግን ማንም እጁን ያልነካው ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ሩዝ በድስት ይተርፋል። የምታገኙት ይህ ነው።

ችግሩ ሰዓት ነው። በመጋቢት ሙቀት ባሕር ዳር ላይ የተሠራ ወጥ ከእሳት ወርዶ ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሆነ ይቆይ፣ እንደገና ሲሞቅም እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ውስጡ ይድረስ ነው መመሪያው። በእኛ ቋንቋ ድስቱ መንተክተክ አለበት፤ ለብ ያለ ወጥ የሚያባብለው ሆድን እንጂ ጀርምን አይገድልም። ስለዚህ ምሳ እንዳበቃ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ክዳኑ የሚገጥም ድስት ይዞ በባጃጅ ደጃፍ ላይ የሚቆም ወጣት ከሌለ ስምምነቱ ከንቱ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ቢመጣ ባዶ እጁን እንዲመለስ እመክራለሁ።

ባለቤቶች ለምን እምቢ እንደሚሉም ልንገራችሁ። ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ሰው ሆዱን ቢታመም «የእገሌ ሆቴል ምግብ» መባሉን ይፈራሉ። አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፤ የምግቡ ዓይነት፣ የበሰለበት ሰዓት፣ የተረከባችሁበት ሰዓት፣ የሰጪና የተቀባይ ፊርማ። ወረቀት ያየ ባለቤት ልቡ ይረጋል።

እንጀራ ደግሞ ለብቻው ነው። በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል፤ ሻጋታውን ፍቆ መብላት ደግሞ አይሆንም። ትርፍ እንጀራ በዚያው ቀን ተቆራርሶ በንጹሕ ሰፌድ ላይ በፀሐይ ይድረቅ። ድርቆሽ ሆኖ በደረቅ ከረጢት ለወራት ይቆያል፤ በርበሬና ዘይት ካለ ፍርፍር ነው። በኩባያ የሚለካ ስለሆነም ለማከፋፈል ይመቻል።

---

ጥያቄ አለኝ

ቅር እንዳትሰኙብኝ። ልባችሁ መልካም ነው፤ ግን ሰውን በየቅዳሜው እየመገቡ ማቆየት ጠባቂ ያደርገዋል። ዓሣ ከመስጠት ማጥመድ ማስተማር ይሻላል ይባላል። ወጣቱም ኩንታል ከሚሸከም ለእነዚህ ሰዎች የሥራ ዕድል ቢፈጥር አይሻልም? ከዚያም በላይ ይህ የመንግሥት ኃላፊነት ነው። እናንተ ስትሸፍኑት የሚመለከተው ሁሉ ዝም ይላል።

---

ታንኳ ቀዛፊ

ወንድሜ፣ ማጥመድ ካልህ እኔ አጥማጅ ነኝ፤ አባቴም በደንገል ታንኳ ነው ያሳደገኝ። እኔ ማጥመዱን የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም። ዓሣው ነው የቀነሰው። ወደ ወንዞቹ ለመራባት ሲወጣ በየወንዙ አፍ ይታገታል፤ ቀጭኑ የላስቲክ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ይጠርጋል። እንቦጩ ደግሞ ሰሜን ምሥራቁን የሐይቁን ዳር ሸፍኖ ታንኳ አላስገባ ካለ ዓመታት ሆኑት። ሙያ ያለው ሰውም ይራባል። ባዶ ሆዱን ያደረ ሰው ንጋት ላይ ታንኳ አይቀዝፍም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

በእኛ በኩል ዓሣ ሲበዛና ገዢ ሲጠፋ እንሰጣለን። ግን በረዶ አምጡ። ቆረሶ ይሁን አምባዛ በሙቀት ግማሽ ቀን አይቆይም። ሆዱ ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ ጨው ተነስንሶበት ቢደርቅ ነው የሚጠቅማችሁ። ልጆቹ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ከመጡ መቅደድ አስተምራቸዋለሁ።

---

የሽምብጧ

ወንድሜ ጥያቄ አለኝ፣ ጥያቄህን በቁም ነገር ነው የምወስደው። መንግሥት ኃላፊነት አለበት፤ ይህን አንክድም። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር (በምግብ እጥረት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ማጠሩን) እ.ኤ.አ. በ2030 ለማጥፋት የገባው ቃል የመንግሥት ነው። ቃሉን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ነገር ግን መዝገብ የያዘ ሰው ነው መጠየቅ የሚችለው። በየትኛው መንደር ስንት ሕፃን ምሳውን ሳይበላ እንደሚውል የምናውቀው በየቅዳሜው ስለምናያቸው ነው። ወደ ቀበሌ ስንሄድ በባዶ እጃችን አንሄድም።

ሰው ጠባቂ ይሆናል ስለተባለው፣ ከመዝገባችን ላይ ስማቸው የወጣ ቤተሰቦች አሉ። የሚወጡት እኛ አስገድደናቸው ሳይሆን ባልየው ሥራ ሲያገኝ ወይም ልጅ ሲመረቅ ራሳቸው መጥተው «ለሌላ ይሁን» ስለሚሉ ነው። እነሱው ደግሞ በማግሥቱ ሽንኩርት ለመልቀም ይመጣሉ። ሥራ እስኪገኝ ግን ልጁ ዛሬ ማታ እራቱን መብላት አለበት።

---

ከወረታ

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። የምግብ ባንኩን ጓዳ በሁለት ቀን ሊሞላ የሚችል ነገር በዚህ ወር ከእናንተ አንድ ሰዓት ርቀት ላይ እየበሰበሰ መሆኑን ታውቃላችሁ?

ፎገራ በሩዝ ይታወቃል። ከሩዙ በኋላ ግን በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘራል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ያኔ ዋጋው ከለቀማው የጉልበት ዋጋ በታች ይወርዳል። መንገድ የተዘጋ ዕለት ደግሞ አይሱዙው አይመጣም፣ ነጋዴውም አይመጣም። ገበሬው ቲማቲሙን ማሳው ላይ ትቶ ከብት ይለቅበታል። ዓይኑ እያየ ነው የሚተወው። መራዊ በኩል ደግሞ የቆጋ መስኖ አለ፤ ሰባት ሺህ ሄክታር ያህል የሚያጠጣ ነው። እዚያም በሽንኩርትና በድንች ላይ ተመሳሳይ ነገር አያለሁ።

ለዚህ ሥራ ወጣት እንጂ ገንዘብ አይደለም የሚያስፈልገው። ቃርሚያ በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ሩትም በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ገበሬውን አስፈቅዱ፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ ግቡ፣ ያልተለቀመውን ረድፍ አትንኩ። ከፊል የበሰለውን ቲማቲም ምረጡ፤ ፍጹም የቀላው እስከ ባሕር ዳር ይጨፈለቃል። በጆንያ አትጫኑ፤ በእንጨት ሣጥን፣ ያውም ከግማሽ ብዙም ሳያልፍ። ቅዳሜ ሊታደል የማይችለው ተከትፎ ጨው ተነክቶ በመረብ ተሸፍኖ በፀሐይ ይድረቅ፤ የመጋቢት ፀሐይ ለዚህ የተሰጠ ነው። ሽንኩርቱን አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ዘርጉት። ድንቹን ግን ከብርሃን አርቁ፤ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት ስላለው ለሰው አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሪፖርት በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በቤት፣ በምግብ ቤትና በችርቻሮ ሱቅ መባከኑን ይናገራል። ያ ቁጥር ማሳ ላይ የሚቀረውን አይጨምርም። የእኛ ብክነት ደግሞ ከሳህን ይልቅ ማሳና መንገድ ላይ ነው የሚበዛው።

---

የጤና ጣቢያ ነርስ

ጥሩ ውይይት ነው። ከጤና በኩል የምጨምረው አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ 37 በመቶ ነበር። መቀንጨር ሆድ ባዶ ሆኖ ማደር ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ እንጀራና ሽሮ ብቻ የሚበላ ልጅም ሊቀነጭር ይችላል። ስለዚህ ዱቄትና ዘይት በምትሰጡበት ቤት ሕፃን ካለ ጥቂት እንቁላል፣ ምስር፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ወይም ካሮት ቢጨመር ትልቅ ነገር ነው።

ወጣቶቹን የክንድ መለኪያ ቴፕ እናስተምራቸው። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የግራ ክንዱ መካከል ተለክቶ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጤና ጣቢያ ይላክ። ከ11.5 በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ በዚያው ሰዓት ይምጣ፤ ይህ ምግብ በመስጠት ብቻ አይድንም፣ ሕክምና ያስፈልገዋል። ይህን መለየት የሚችል አንድ ወጣት ብዙ ሕይወት ያተርፋል፤ ለመማር ደግሞ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

አንድ አደራ አለኝ፤ በተለይ ሽሮ ለምትለግሱ። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ እንደሚቀላቀል ሁላችንም እናውቃለን። በደምቢያና በፎገራ ጓያ በብዛት ይመረታል፤ ድርቅ ይችላል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። አልፎ አልፎ ቢበላ አይጎዳም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። የሚያጠቃው ደግሞ ሌላ የሚበላው የሌለውን ሰው ነው። የምትሰጧቸው ሰዎች እነዚያው ናቸው። እህሉን ሳይፈጭ፣ ባቄላውንና ሽምብራውን በዓይናችሁ አይታችሁ ተቀበሉ።

---

የመስጊዱ ጎረቤት

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ረመዳኑ ሊያልቅ ነው። ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ አንድ ቁና ያህል፣ በኪሎ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት የሚሆን እህል ከኢድ ሶላት በፊት ይወጣል። በቤተሰቡ ቁጥር ስለሚሰላ ሕፃኑም የራሱ ድርሻ አለው። በእኛ መስጊድ የሚያከፋፍሉት ወጣቶች ናቸው፤ በአንድ ሌሊት ቤት ለቤት ያደርሳሉ፣ ማንም ሲያያቸው አይወዱም። እነሱን ከእናንተ ልጆች ጋር ማገናኘት እፈልጋለሁ። ረሃብ ሃይማኖት አይመርጥም፤ በመዝገባችሁ ላይም የእኛ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ።

የምጠይቀው ነገር ቢኖር የሥጋ ምግብ ድስት ለብቻው ይሁን፣ ከየት እንደመጣም ይጻፍበት። በእኛና በእናንተ ቤት የእርዱ ነገር የተለያየ ነው፤ በጾም ጊዜ ለክርስቲያኑም ቢሆን የፍስክና የጾም ዕቃ መለየቱ አይቀርም። ጥራጥሬና አትክልት ላይ ከተስማማን ግን ሁላችንም ከአንድ መደርደሪያ እንወስዳለን።

---

የሽምብጧ

እህቴ፣ በጣም አስደሰትሽኝ። ማንም ሳያያቸው ማድረሳቸውን ወድጄዋለሁ፤ ልጆቻችን ከእናንተ ልጆች የሚማሩት ይህን ነው። የተቀባይ ፊት የሚታይበት ፎቶ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነሣ ለኮሚቴው እጠይቃለሁ። የተሞላ መደርደሪያ፣ የተመዘነ ሽንኩርት፣ የሚሠራ ወጣት ይነሣ፤ የሚቀበለው ሰው ግን አይነሣ። ድስቶቹን በቀለም እንለያለን።

---

ከሩቅ አገር

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው። እዚህ በአንድ የምግብ ባንክ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። የመጀመሪያው የምግብ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1967 በፊኒክስ፣ አሪዞና በጆን ቫን ሄንግል ተቋቋመ። ሐሳቡን የሰጠችው ከሱቅ መጣያ ምግብ እያወጣች ልጆቿን ታበላ የነበረች እናት ናት ይባላል። ሀብታም በሚባል አገርም ይህ አለ።

ከዚህ አሠራር ለእናንተ የሚጠቅም አንድ ነገር አየሁ። በብዙ ቦታ ተቀባዩ የታሰረ ከረጢት አይሰጠውም። በመደርደሪያው መካከል እየተዘዋወረ፣ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ የሚፈልገውን ራሱ ያነሣል። ስኳር የማይስማማው ስኳር አይሸከምም፣ ምስር ያለው ምስር አይደግምም። ብክነቱ ይቀንሳል፣ ሰውም እንደ ሸማች ቀና ብሎ ይገባል። አጠገቡ የሚሄደው ወጣት ነው፤ ሲያወሩ ይተዋወቃሉ። እዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ ሰዓታቸው ተቆጥሮ ይመዘገብላቸዋል፤ አንዳንዱ ሰዓቱ ከሞላ በኋላም ይመጣል።

እኛ ውጭ ያለነው ልብስ ከምንልክ ሚዛንና መደርደሪያ መግዣ ብንልክ ይሻላል። በምን በኩል እንደሆነ በግል ጻፊልኝ፤ ደረሰኝ የምትሰጥ ሕጋዊ ማኅበር ከሆነች ጓደኞቼንም አስተባብራለሁ።

---

መምህሩ

ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ቁርስ ያልበላ ተማሪ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይለያል። ራሱን በክንዱ ላይ ደፍቶ ይተኛል፤ ስትጠራው «አሞኛል» ይላል። አንዲት ልጅ የጓደኛዋን ዳቦ ግማሹን ተቀብላ ለታናሽ ወንድሟ በወረቀት ስትጠቀልል አይቻለሁ።

በትምህርት ቤታችን በየዓርቡ ተማሪው ከቤቱ አንድ ብርጭቆ ጥራጥሬ ይዞ ይመጣል። ሚኒ ሚዲያው ሰልፍ ላይ ያስታውሳል። ሣጥኑ ተሸፍኖ ከበሩ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ ማን እንደጨመረ ማን እንዳልጨመረ አይታይም። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። የክፍል ስም እየጠሩ «እናንተ ስንት አመጣችሁ» ካላችሁ ራሱ የተራበው ልጅ ካልሰጠሁ ብሎ ከእናቱ ማሰሮ ይቀንሳል። የተሰበሰበውን የሚመዝኑት፣ የሚለዩት፣ ለእናንተ የሚያስረክቡት ተማሪዎቹ ናቸው። ከፈቀዳችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ልጆች ይዤ እመጣለሁ፤ ወላጆቻቸው ፈርመዋል።

---

ጥያቄ አለኝ

የሁላችሁንም አነበብሁ። ሥራ ይፈጠር የሚለው አቋሜ አልተለወጠም። ነገር ግን ሰዉ እስከዚያ መብላት አለበት ያልሽው ገብቶኛል። ሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ማኅበሩን በሕግ መሠረት ለማስመዝገብ የሚያስፈልገውን ሰነድና የሒሳብ መዝገብ አሠራር ላዘጋጅላችሁ እችላለሁ። ለልጅቷም በሁለት ወገን (በዴቢትና በክሬዲት) መመዝገብን ላሳያት፤ ጉባኤው ላይ ስታነብ ይረዳታል።

---

የሽምብጧ

ወንድሜ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ክፍት ነው፤ ና። እሷም ትገኛለች።

ከሩቅ አገር፣ በግል ጽፌልሃለሁ። መምህር፣ ልጆቹን ይዘው ይምጡ፤ ሁለቱን ሚዛን ላይ፣ ሁለቱን ከተቀባዮች ጋር መደርደሪያው ላይ፣ ሁለቱን ጥራጥሬ መልቀም ላይ እመድባቸዋለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ቴፑን ለማስተማር ምቹ የሆነሽን ቀን ንገሪኝ። ወጥ ቤት፣ የርክክብ ወረቀቱን አርቅቄ እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ እርማትህን እጠብቃለሁ።

ከወረታ፣ ስለ ቲማቲሙ ልቤ ቆሟል። በዚህ ሳምንት ይቻላል?

---

ፔዳ ግቢ

ለቃርሚያው ከግቢ አሥራ ሁለት ልጆች ተመዝግበናል፤ አራቱ ከዘንዘልማ ናቸው። የእንጨት ሣጥን ግን የለንም።

---

ከወረታ

ሣጥኑን ከአንድ ነጋዴ ተውሼላችኋለሁ፤ አጥባችሁ ትመልሳላችሁ። ሁለት ገበሬዎች ፈቅደዋል፤ አንደኛው ሐሙስ ለቀማውን ይጨርሳል። አይሱዙው ዓርብ ወደ ባሕር ዳር ባዶውን ስለሚመለስ በነዳጅ ብቻ ይጭንላችኋል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሐሙስ ማታ ደውዬ አረጋግጣለሁ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማሳው ላይ ሁኑ፤ ፀሐይ ከበረታች ቲማቲሙ ሙቀት ይዞ ይጫናል። ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውኃና ጓንት ይዛችሁ ኑ። የሚከተፈውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚቀበል ሰው አዳራሹ ላይ ይቁም።

---

የዕድር ዳኛ

አዳራሹን ዓርብ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አስከፍተዋለሁ። ቢላዋና ሰፌድ ከየቤቱ እንዲመጣ ለሴቶቹ ነግሬአለሁ።